ሁለት ጊዜ ከወደቅኩ በኋላ ሦስተኛ መፈተን ጽናት ነው ወይስ እልህ?

ጥያቄ
ተፈታኝ ከደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ይህን ጥያቄ ለቤተሰቤ ለማቅረብ አቅም ስላጣሁ፣ በዚህ መንገድ ያለፈ ወይም ሌሎች ሲያልፉ በቅርብ ያየ ሰው ሐሳቡን እንዲያካፍለኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በተፈጥሮ ሳይንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰድኩት በ2015 ዓ.ም. ነው። እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ይዤ፣ አንሶላና ብርድ ልብሴን ተሸክሜ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደተመደብንበት ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ ስንጓዝ ነገ የምማርበትን ግቢ ዛሬ ለማየት የምሄድ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ አማካዩ ከመቶ 31 ሆነ። ለመግቢያ የሚያስፈልገው 50 ነበር፤ ለሪሜዲያል፣ ማለትም ለአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ የተቆረጠውም ነጥብ ከእኔ ውጤት በላይ ስለነበር ቤት ቀረሁ። በቀጣዩ ዓመት የግል ተፈታኝ ሆኜ ተመዘገብኩ። ቀን ከአባቴ ጋር የጉልበት ሥራ እየሠራሁ፣ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት እያጠናሁ ዓመቱን ገፋሁት፤ ያገኘሁት ግን 38 ነው።

አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልመዝገብ ወይስ ልተወው የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እናቴ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለች ታበረታታኛለች። አጎቴ ደግሞ «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ብሎ ሥራ እንድፈልግ ይመክረኛል። አባቴ ምንም አይለኝም፤ ከሁሉም የሚከብደኝ የእሱ ዝምታ ነው። ሁለቱም ተረቶች የአባቶቻችን ናቸው፤ ሁለቱንም እንደዋዛ ልጥላቸው አልችልም። ነገር ግን የእኔ ጉዳይ በየትኛው እንደሚዳኝ ማወቅ አቃተኝ።

ስለ ጽናት የሚሰጡ ምክሮችን አንብቤያለሁ። ብዙዎቹ የሚያነሡት ወድቀው ከተነሡ በኋላ ያሸነፉ ሰዎችን ነው። እነዚያ ሰዎች መውደቃቸውን የሰማነው ስላሸነፉ ነው፤ እንደ እነሱ ደክመው ያላሸነፉትን ግን ማንም አይተርክልንም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሰው መቀጠል እንዳለበትና ማቆም እንዳለበት በምን ይለያል?

መልስ 1
የሒሳብ መምህር

ወንድሜ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት እንደ አንተ ያለ ጥያቄ ይዘው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል የመጡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ለአንዳንዶቹ የተሳሳተ ምክር ሰጥቻቸዋለሁ ብዬ ስለማምን አሁን ለአንተ ስመልስ ጥንቃቄ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ የወደቅክበትን ሁኔታ በልኩ እንየው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን፣ ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንተ መጀመሪያ በተፈተንክበት በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ የሚወድቅበት ፈተና የሚለካው የአንድን ልጅ የዓመት ጥረት ብቻ አይደለም፤ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ሳይሞላ የታለፈውን ሁሉ ነው የሚለካው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ጥያቄ ሰጥቼ ስፈትሽ፣ የሚሰናከሉት በአብዛኛው በ12ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም። የክፍልፋይ ስሌት፣ የአሉታዊ ቁጥር ምልክት፣ ቀላል እኩልታን ማስተካከል፣ እነዚህ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ያሉ ነገሮች ናቸው እግራቸውን የሚይዙት። ካልኩለሱን ገብቶት ሳለ በመጨረሻው መስመር ላይ በክፍልፋይ የሚወድቅ ተማሪ፣ ዓመቱን ሙሉ ካልኩለስ ቢደግም ውጤቱ ፈቀቅ አይልለትም።

ስለዚህ አማካይህን ተወውና የእያንዳንዱን ትምህርት ውጤት ንገረኝ። 38 የሚለው ቁጥር ስለ አንተ ምንም አይነግረኝም። በሁሉም ትምህርት 38 ያመጣ ልጅ ሕመሙ ሌላ ነው፤ በሁለቱ 55 አግኝቶ በሌሎቹ 30 ያመጣ ልጅ ሕመሙ ሌላ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ እንግሊዝኛህን ሳትፈትሽ እንዳታልፍ አደራ እላለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የፊዚክስ ጥያቄ ስቶ የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የሳተው ፊዚክሱን አይደለም። በአንድ ወቅት በክፍሌ የነበረ ጎበዝ ልጅ የዕድል ስሌት ጥያቄዎችን ደጋግሞ ይስት ነበር። ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ስጠይቀው በትክክል ይሠራል፤ ወረቀት ላይ ሲደርስ ይሳሳታል። ተቀምጠን አንድ በአንድ ስናየው «አት ሊስት» እና «አት ሞስት» የሚሉትን ሁለት አገላለጾች አንዱን በሌላው ቦታ ይረዳቸው እንደነበር ታወቀ። ቢያንስ ሦስት የሚለውን ቢበዛ ሦስት ብሎ እያነበበ ሁለት ዓመት ሙሉ ሒሳብ አልገባኝም ብሎ ራሱን ሲወቅስ ኖሯል። ችግሩን ካወቀ በኋላ ለማረም የፈጀበት አንድ ሳምንት አልሞላም። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱን ዓመት ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ፣ የበለጠ ሥራ ከማለት በቀር የት ላይ እንደሚሳሳት አልጠየቅኩትም።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። የቀድሞ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ፈልግና መጽሐፍ ዘግተህ፣ ሰዓት ይዘህ ሥራ። ከዚያ የሳትከውን እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ ደብተር መዝግብና ከጎኑ የሳትክበትን ምክንያት ጻፍ፤ ትምህርቱን ስለማላውቀው ነው፣ እያወቅኩ በስሌት ተሳስቼ ነው፣ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስላልገባኝ ነው፣ ወይስ ሰዓት አልቆብኝ ነው? ይህን ለሦስት ሳምንት ብታደርግ ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ በጣም በዝቶ ታገኘዋለህ። ማታ እስከ እኩለ ሌሊት አጠና ነበር ያልከውን አምንሃለሁ፤ ግን የጉልበት ሥራ ውሎ የደከመ ሰው መጽሐፍ ደጋግሞ ሲያነብ ያወቀ ይመስለዋል እንጂ አያውቅም። ገጹ ለዓይኑ ስለተለመደ ብቻ የገባው ይመስለዋል። መጽሐፉን ዘግተህ ያነበብከውን በባዶ ወረቀት ለመጻፍ ስትሞክር ነው እውነቱ የሚወጣው።

የእናትህ ተረት እውነት ነው። ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው 21 ቀን የታቀፈችው ዶሮ ስላለች ነው፤ ያለ እሷ ሦስት ወር ቢቀመጥ ይበላሻል እንጂ አይፈለፈልም። ሦስተኛው ዓመትህ ከሁለተኛው በምን እንደሚለይ በወረቀት ላይ መጻፍ ከቻልክ ተመዝገብ፤ መጻፍ ካቃተህ ግን አጎትህን ስማ።

መልስ 2
ኤሌክትሪሻን ከአዳማ

የመምህሩን ምክር በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ትክክልም ነው። ሆኖም የሚታየኝ ሌላ ነገር አለ።

እኔ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። በዚያን ጊዜ መሰናዶ ያልገባ ልጅ ቴክኒክና ሙያ «ተጣለ» ይባል ነበር፤ ቃሉ እስከ ዛሬ ያመኛል። ለአንድ ዓመት ከቤት ሳልወጣ ከቆየሁ በኋላ በኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ሙያ ተመዘገብኩ። ደረጃ ሁለትን ጨርሼ ለብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ ለምንለው ማለት ነው፣ ስቀርብ የጽሑፉን አልፌ በተግባሩ ወደቅኩ። የዘረጋሁት መስመር አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ኃይል ከመልቀቄ በፊት በቴስተር አልፈተሽኩትም ነበር። መዛኙ «መብራቱ በርቶልሃል፤ ግን ቤቱን ልታቃጥል ትችል እንደነበር አታውቅም» አለኝ። በዚያ ቀን ተናድጄ ነበር። ዛሬ የራሴን ሠራተኞች ስቀጥር በመጀመሪያ የማየው ያንኑ ነው፤ ፈትሾ ነው ወይስ ገምቶ ነው ኃይል የሚለቅቀው እላለሁ። በሁለተኛው ምዘና አለፍኩ፤ ከዚያም እየሠራሁ ደረጃ አራት ደረስኩ።

ይህን የነገርኩህ ፈተናውን ተወው ለማለት አይደለም። ጥያቄህን ሳነበው የምትፈልገው ምን እንደሆነ አልነገርከንም። ዩኒቨርሲቲ መግባት እንደምትፈልግ ጽፈሃል፤ ገብተህ ምን መሆን እንደምትፈልግ ግን አልጻፍክም። ሐኪም መሆን የምትፈልግ ከሆነ ሌላ በር የለምና በዚህኛው ላይ ተግተህ አንኳኳ። መሐንዲስነት ከሆነ የምትመኘው፣ ከሙያ ተነሥቶ በደረጃ የሚያድግ መንገድ አለ። የምትፈልገው የአባትህን ዝምታ መስበር ብቻ ከሆነ ግን፣ ወንድሜ፣ ያንን ሸክም ፈተናው ላይ አትጫንበት። ሦስተኛውን ብትሞክርም እጅህ በዚያው ዓመት አንድ ነገር እየተማረ ይቆይ። የሚቀጥለው ሐምሌ ሲመጣ ከአንድ ወረቀት በቀር ምንም የሌለው ሰው ሆነህ እንዳትጠብቀው።

መልስ 3
የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

እኔ በመጀመሪያው ፈተና ለትንሽ ከ50 በታች ሆኜ በሪሜዲያል ገብቻለሁ፤ ስለዚህ የአንተ መንገድ ከእኔ ይከብዳል፣ ያለፍኩበትን ከአንተ ጋር እኩል አላደርገውም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ውጤቴ በመጣ ጊዜ ለሁለት ወር ያህል ለሰው ሁሉ ዋሸሁ። ለጎረቤት «ገና አልታየም» እላለሁ፣ ዘመድ ሲመጣ ወደ ጓዳ እገባለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ ከጓደኞቼ ጋር አልወጣሁም። ያ መደበቅ ከጥናቱ ሁሉ በላይ አድክሞኝ ነበር። በመጨረሻ አባቴ ቡና ተፈልቶ በተቀመጥንበት «ስንት አመጣሽ?» ብሎ በግልጽ ጠየቀኝ፤ ቁጥሩን ነገርኩት። ለካስ ዝም ያለው እኔን እንዳያሳፍረኝ ፈርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ሆነ። የአንተ አባት ምን እንደሚያስብ ላውቅ አልችልም፤ ግን ዝምታውን አንተ ተርጉመኸዋል እንጂ እሱ አልነገረህም። 31 እና 38 የሚሉትን ቁጥሮች በአንደበትህ ንገረው።

ሪሜዲያል ከገባን በኋላም የወደቁ ጓደኞች ነበሩኝ፤ ከእኔ ያነሰ የሚያጠኑ አልነበሩም። አንዷ ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ በከተማዋ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጤና ነክ ሙያ ልትማር እየተዘጋጀች ነው። ስላላሸነፉት ማንም አይተርክም ስላልክ ነው ያነሣኋት።

መልስ 4
የሩጫ አሠልጣኝ

ልጄ፣ አሸናፊዎቹ ብቻ ይተረካሉ ያልከው እውነት ነው። እኔ በሱሉልታና በእንጦጦ ከወጣቶች ጋር ብዙ ዓመት ሮጫለሁ፤ ከገጠር ተነሥተው መጥተው፣ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው ከሚሮጡት መካከል አብዛኞቹ ስማቸው ሳይሰማ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ስለዚህ ጽናት ካለህ ታሸንፋለህ ብዬ አልነግርህም፤ እንዲያ ብዬ ቃል የገባሁላቸው ልጆች አሉና ዳግመኛ አልለውም።

ነገር ግን ከአሸናፊዎቹም ቢሆን የምንማረውን ነገር በደንብ አንመርጥም። ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲነገር የሚነሣው የልጅነት ሩጫውና ድሉ ነው። እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው የ2007 እ.ኤ.አ. ዓመቱን ነው። በለንደን ማራቶን በ2006 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ ዘጠነኛ ወጣ። በ2007 ሚያዝያ ተመልሶ በዚያው ውድድር ሲሮጥ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ መተንፈስ አቅቶት አቋረጠ። ብዙ ሰው «ኃይሌ አበቃለት፤ ማራቶን የእሱ አይደለም» ብሎ ነበር። ያን ጊዜ 34 ዓመት ሆኖት ስለነበር፣ የሚሉት ነገር ስድብ አልነበረም፤ ምክንያት ያለው ግምት ነበር። የተገኘው ምክንያት ግን ሌላ ሆነ፦ በዚያ ወቅት በአየር ላይ የነበረው የአበባ ብናኝ ሳምባውን አስቆጥቶት ነበር። ከዚያ ከአምስት ወር በኋላ፣ በመስከረም፣ በበርሊን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን በ29 ሴኮንድ አሻሻለ።

በአምስት ወር ውስጥ ሳምባውም እግሩም ሌላ ሰው አልሆኑም። ለንደን ላይ ያቆመው የሆነ ነገር ነበር፤ እሱም የኃይሌ አቅም አልነበረም። «አልችልም» እና «እዚህ አልቻልኩም» የሚባሉትን ሁለት ነገሮች መለየት ማለት ይህ ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲመጣ፣ አስም ስላለበትና የከተማዋ አየር የተበከለ ስለነበር፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ትቶ 10,000 ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። አገር ሙሉ ማራቶኑን ይጠብቅለት ነበር፤ እሱ ግን ተወው። ከዚያ ከስድስት ሳምንት በኋላ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ የራሱን ክብረ ወሰን ሰበረ። በአንድ ዓመት ውስጥ መቀጠልንም መተውንም አደረገ፤ ሁለቱንም ያደረገው ምክንያቱን አውቆ ነው።

ለልጆቼ ያወጣሁት አንድ ደንብ አለ። ልምምድ ቀይረው አንድ ወቅት ሙሉ ከሠሩ በኋላ ሰዓታቸው ካልተሻሻለ፣ ሌላ ርቀት እንሞክራለን ወይም በግልጽ ተነጋግረን እንለያያለን። ልምምዱን ሳይቀይሩ ግን ማንንም አልሸኝም፤ ገና አልተፈተነማ። አንተ ከ31 ወደ 38 የመጣኸው አሠራርህን ሳትቀይር ይመስለኛል። ከሆነ፣ በእኔ ሚዛን ገና አልተፈተንክም።

የጠያቂው ምላሽ
ተፈታኝ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን በሦስት ቀን ውስጥ ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ።

መምህር፣ የጠየቁኝ ውጤት እነሆ፦ ባዮሎጂ 53፣ ኬሚስትሪ 44፣ አፕቲትዩድ 36፣ ፊዚክስ 33፣ ሒሳብ 32፣ እንግሊዝኛ 30። እስካሁን ስድስቱን በአንድ ላይ እያየሁ በአማካዩ ስለማዝን፣ እንግሊዝኛ ከሁሉም በታች መሆኑን ልብ አላልኩትም ነበር። ባለፈው ዓመት ከሁሉም ያነሰ ሰዓት የሰጠሁት ለእሱ ነው፤ በሒሳብና በፊዚክስ ላይ ብበረታ ይበቃኛል ብዬ አስቤ ነበር። ትናንት በምክርዎ መሠረት የ2014 የፊዚክስ ጥያቄዎችን ሰዓት ይዤ ሠርቼ የሳትኳቸውን መዘገብኩ። ከሳትኳቸው 24 ጥያቄዎች ዘጠኙን በአማርኛ ተርጉሜ ሳነባቸው መሥራት ቻልኩ። ይህን ሳይ ለረጅም ጊዜ ደብተሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከአዳማ ለጻፉልኝ ወንድሜ፦ ምን መሆን እንደምፈልግ ጠይቀውኛል። የእንስሳት ሐኪም መሆን ነው የምፈልገው። አያቴ ጋ ገጠር ስንሄድ በአንድ ክረምት ሦስት በጎች ያለ ሐኪም ሲሞቱ ካየሁ ጀምሮ ያደረብኝ ሐሳብ ነው፤ ለማንም ነግሬው ስለማላውቅ እዚህ መጻፌ ራሴን አስገርሞኛል። በከተማችን በቴክኒክና ሙያ በኩል በእንስሳት ጤና ሥልጠና ይሰጥ እንደሆነ ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ የሚሰጥ ከሆነና ከጥናቱ ጋር የሚስማማ ሰዓት ካለው እመዘገባለሁ። ፈተናውን ግን ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ እወስደዋለሁ፤ የምቀይራቸውን አራት ነገሮች ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ።

እኅቴ፣ ትናንት ማታ ለአባቴ ሁለቱንም ቁጥሮች ነገርኩት። እንደ አንቺ አባት ብዙ አልተናገረም። «ሰባት ጨምረሃል ማለት ነው?» አለኝ፤ አዎ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልከተለው ስነሣ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ቤት ቀርቼ እንዳጠና ነግሮኝ ብቻውን ሄደ።

መምህር፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛና የሒሳብ መጻሕፍትን ከጎረቤት ልጅ ተውሼ አምጥቻለሁ፤ እሷ ትምህርት ቤት ስለምትሄድበት የማገኛቸው ማታ ብቻ ነው። ከሁለቱ በየትኛው ብጀምር ይሻላል?

መልስ 5
የሒሳብ መምህር

በእንግሊዝኛው ጀምር። ሒሳቡን ከአንድ ወር በኋላ አብረን እናየዋለን፤ የሳትካቸውን ጥያቄዎች ከነምክንያታቸው በየሳምንቱ እሑድ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እኔም እመልስልሃለሁ። እንግሊዝኛቸው ያልገባህን ዘጠኙን የፊዚክስ ጥያቄዎች ዛሬውኑ ላክልኝ፤ የትኞቹ ቃላት እንደያዙህ ማየት እፈልጋለሁ።